ጋሮማ ለእንግዳ ሲነሳ

ጋሮማ እጃጂ ከተማ መንገድ ዳር ጎማ ጠጋኝ ነው። ሰው ሲገባ ቀድሞ ብድግ የሚል፣ ለልጅም ለሽማግሌም እኩል «ኖር!» የሚል ጨዋ ነው። ጎረቤቱ ነኝና ጨዋነቱን እወድለታለሁ፤ አንዳንዴ ግን ያናድደኛል። ባለፈው ክረምት የአይሱዙ ጎማ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳ ሲል ወገቡ ቋ አለና እዚያው ተንበረከከ።

ጤና ጣቢያ ያየችው ሲስተር ለንሳ፣ እግርህን ይደነዝዝሃል ወይ፣ ሽንት ያስቸግርሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም አላት። እንግዲያው እቤትህ ሆነህ ይሻልሃል አለችው። ሞቅ ያለ ነገር ያዝበት፣ አልጋ ላይ አትዋል፣ ቀስ እያልክ ተራመድ፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ ግን ድንገት ብድግ እንዳትል። እግርህ ከደነዘዘ ዛሬ ነገ ሳትል ተመለስ ብላም አስጠነቀቀችው።

ሚስቱ ዶርቃስ ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ወገቡ ላይ ታደርግለታለች። ሲተኛ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ትከትለታለች፤ ጠዋትና ማታ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ታደርገዋለች። ይሻለው ጀመር።

ችግሩ ጠያቂው ነው። እጃጂ ሰው ታሞ ዝም አይባልም። የመጣው ሁሉ በሩ ላይ ሆኖ «ሂን ካኢን፣ አትነሳ» ይላል፤ እኛ አገር ደግሞ አትነሳ ማለት ተነስ ማለት ነው። ጋሮማ ብድግ ይላል። ጠዋት የተሻለው ወገብ ማታ ያስቃስተዋል። ዶርቃስ ብትለምነውም ብትቆጣውም፣ «ቁጭ ብዬ ሰው ልቀበል? አሳዳጊ የበደለው ልባል?» ይላታል። ሲስተር ለንሳ በዚህ ከቀጠልክ ጎማ ማንሳቱን እርሳው አለችው። ሌላ ሙያ የለውም። ዶርቃስ ጓዳ እየገባች ታለቅስ ነበር።

በመጨረሻ አባቷ ኦቦ ዓብዲሳ ከጎጆ ከተማ፣ ያንን ኮረኮንች መንገድ ተቋቁመው መጡ። በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። አማቱ ናቸውና ጋሮማ «ኖር!» ብሎ ሊነሳ ሲል ግማሽ ላይ ቀረ፤ መቆምም መቀመጥም አቃተው፤ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው ዶርቃስ ደግፋ እስክታስቀምጠው ጠብቀው አጠገቡ ተቀመጡ።

ወዲያው እኔ ገባሁ። ጋሮማ ወንበሩን ጨበጥ ሲያደርግ ኦቦ ዓብዲሳ ትከሻውን ተጭነው፣ ራሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ኖር!» አሉኝ። «ለሁለታችንም ነው የተነሳሁት።»

እኔ ልጃቸው የምሆን ሰው መግቢያ መውጫው ጠፋኝ። እሳቸው ግን ከእኔ በኋላ ለገባውም ሁሉ ተነሱ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል። ጋሮማ እንደገና ሊነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አባባ፣ ይቀመጡ። በቃ፣ አልነሳም።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄን የሰጠሁህ እንድትነሳልኝ አይደለም» አሉት። «ኖር ያልከኝ ይበቃል። አሁን አንተ ኑርልን።»