ኪሌሌሽዋ፦ የወንድሜን ሬዲዮ ጩኸት ፍለጋ

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከቦሌ ተነሥቼ ወደ ናይሮቢ በረርኩ፤ ታላቅ ወንድሜን መስፍንን ከጎረቤቱ ላስታርቅ። መስፍን ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ሬዲዮ ቴክኒሻን ነው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ትልቁ ደስታው ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚያወራበት አማተር ሬዲዮው ነው። እኔም የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ስላለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ በሬዲዮ እናወራ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጩኸት ድምፄን ዋጠበት። ጥፋቱ ከሥሩ ባለው ፎቅ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ የማማ ንጄሪ የስፌት መኪና ነው ብሎ ተጣላት።

ታክሲው በኪሊማኒ በኩል አድርጎ ወንድሜ ሰፈር ኪሌሌሽዋ አደረሰኝ። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ከሹራቧ ላይ ክር እየለቀመች ቆማለች። ማማ ንጄሪ መሆኗን ከክሩ ገመትኩ።

"የምዜው እህት ነሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ ምዜ በስዋሂሊ አዛውንት ማለት ነው። "ጠዋት ጠዋት መስፋት ትታለች በይልኝ።"

አርብ ጠዋት

ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣና ሻይ ከቀማመስን በኋላ ወንድሜ ሬዲዮውን ከፈተ። እንደ ጋለ ዘይት ይንጫጫል።

"ስሚው! መኪናዋ ነው።"

"ወንድም ጋሼ፣ መስፋት ትታለች እኮ።"

ያለ ቤቱ መብራት እንዲሠራ ሬዲዮውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁና የቤቱን ዋና የመብራት ብሬከር አጠፋሁ። ጩኸቱ እልም አለ። ከእኛው ቤት ኖሯል!

መብራቱን መልሼ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የስልክ ቻርጀሩን። ወይ ፍንክች! የጠረጴዛ መብራቱን አዳፕተር ስነቅል ጸጥ አለ። ያንን መብራት ከሁለት ወር በፊት ለዓይኑ ብዬ፣ ርካሹን መርጬ የላክሁለት እኔው ነኝ። አፈርኩ።

"የእኔ እናት፣ ለዓይኔ አስበሽ ጆሮዬን ደፈንሽው" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። "ያቺን ሴትዮ አሁን በምን ዓይኔ ልያት?"

ፓርክላንድስ ከሚባለው ሰፈር ጥሩ አዳፕተር ገዛን። ገመዱንም ጩኸት በሚያፍን ጥቁር የፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩት። ከዚያ አብረን ወረድን። ወንድሜ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ፖሌ ሳና፣ ማማ። ጥፋቱ ከእኔ ቤት ነበር" ብሎ በስዋሂሊ ይቅርታ ጠየቃት።

"ሁለት ወር ሙሉ ደንበኞቼን ስመልስ ከረምኩ፣ ምዜ" አለችው። አንገቱን ደፋ። እሷም የሸሚዙን አንገትጌ ሳብ አድርጋ አየችው። "ይኼ ተበልቷል። አውልቀህ አምጣው።"

እሑድ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ጎረቤትን ከመውቀስ በፊት የራስን ቤት ብሬከር ማጥፋትን ነው። በተከታዩ ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ረጅም አወራን፤ አንድ ጊዜ እንኳ "ምን አልሽ?" አላለኝም።