ጋሽ በላቸው ይተኛ

ልጅ እያለሁ እንቅልፍ የሌሊት ነገር ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። የግቢያችን ቀንደኛ እንቅልፋም ጋሽ በላቸው የሚተኛው በጠራራ ፀሐይ ነዋ። ግቢው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የእትዬ አስካለ ግቢ ነው። ጋሽ በላቸው ከውጪ በሩ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ዳቦ ቤት ሌሊት ሌሊት ይጋግራል። እኛ ደብተራችንን ይዘን ስንወጣ እሱ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ ይገባል። ለእያንዳንዳችን ይቆርስልንና "በሉ እናንተ ተማሩ፣ እኔ ልተኛ" ይለናል። የትኩስ ዳቦ ሽታ ሌላውን ሰው ቁርስ ያሰኘው ይሆናል፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያመጣብኝ እንቅልፍ ነው።

ስለ እንቅልፍ ብዙ እንከራከር ነበር። "እንቅልፍ ወሰደው" ሲባል የት ነው የሚወስደው? የጎረቤታችን ልጅ ሰዓዳ፣ አባቷ እንደነገሯት፣ ነፍስ አላህ ዘንድ ሄዳ ጠዋት ትመለሳለች አለች። እኔ ደግሞ ቀብር ላይ ቄሱ ስለሞተ ሰው "አንቀላፋ" ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴም አክስቴ ታማ ሳለ "ሆስፒታል ተኝታለች" ትል ነበር፤ አክስቴ ግን ከዚያ አልተመለሰችም። እነዚህን አንድ ላይ ስገጣጥማቸው መተኛት ትንሽ ያስፈራኝ ጀመር። የሚያጽናናኝ የጋሽ በላቸው ማንኮራፋት ነበር። መስኮቱ ስር ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንደ ወፍጮ ቤት ከውስጥ ይሰማናል። ብንጮህ፣ ብንጣላ፣ ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ ቢሳሳቁ ንቅንቅ አይልም።

በእንቅልፉ የማይቀልዱት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ሲጨፍር ውሎ፣ ሳይተኛ ሥራ ገብቶ፣ ምድጃው ፊት እንደቆመ አሸለበውና ክንዱ ክፉኛ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲገባ ማንም በወሬ እንዲይዘው አይፈቅዱም ነበር። ክፉም ይሁን ደግ፣ ያለው ወሬ ሁሉ እስኪነቃ ይቆያል።

አንድ ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ጋሽ በላቸው የታመመ ባልደረባውን ፈረቃ ደርቦ ሠርቶ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። ዳቦውን ሰጠንና ምንም ሳይናገር በሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ አስካለ ስልክ ጮኸ። በግቢው ያለው ስልክ እሱ ብቻ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ። የደወለው የጋሽ በላቸው የአጎት ልጅ ነበር፣ ከወረኢሉ። የጋሽ በላቸው እናት አርፈዋል፤ ትናንት ተቀብረዋል። ያላቸው ልጅ እሱ አንድ ነው። ለመስቀል ሊጠይቃቸው አስቦ ጋቢ ገዝቶላቸው፣ ሁላችንንም አስነክቶን ነበር።

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሰውየው እንቅልፉን ጠግቦ፣ ጎረቤቱ ገና ሳይነጋ ደጁ ላይ ተሰብስቦ፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። አሁን ግን ማለዳው አልፏል፣ ሰውየውም ገና ጋደም ማለቱ ነው። አባቴ "ይቀስቀስ" አለ። "እናቱ ናቸው። እኛ እያወቅን እሱ እንዴት ይተኛል? በኋላስ ቢቀየመን?"

"ቀብሩ እንደሆነ አልፏል" አሉ እትዬ አስካለ። "መኪና ያለውም ነገ ንጋት ላይ ነው። አሁን ብትቀሰቅሰው ምን ልትሰጠው ነው? ከዛሬ በኋላ ስንት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ እንደማይዞር አንተ አታውቀውም ልጄ። እኔ አውቀዋለሁ።"

እሳቸው ልጅ ቀብረዋል። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ በላቸው ዛሬ ማታ አይገባም ብሎ ሊነግር ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። የበላቸው ማለዳ ሲመሽ ነው ተባለ፤ ሽማግሌዎቹም ለማታ ተቀጠሩ።

እኛ ልጆቹ ትንፍሽ እንዳንል ታዘዝን። ሬዲዮ ተዘጋ፣ ቧንቧው ላይ የነበሩት ሴቶች ባልዲያቸውን አንስተው ገቡ፣ ለቅሶው የቀደማቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። ካዛንቺስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ጫጫታ ተኝቶ የሚያሳልፈው ሰው በጸጥታው ነቃ። ማንኮራፋቱ ቆመና አልጋው ተንቋቋ፤ ከዚያ በእንቅልፍ ልቡ ከውስጥ ተጣራ።

"ምነው ጭር አላችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?"

እየቀለደ ነው። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። እትዬ አስካለ ግን ድምፃቸው ሳይሰበር "ኧረ ተኛ አንተ! ልጆቹን ሱቅ ልኬያቸው ነው፣ ይኸው መጡ" አሉና እኔንና ሰዓዳን በትከሻችን ይዘው ወደ መስኮቱ ገፋ አደረጉን። "ተጫወቱ" አሉን በሹክሹክታ። "እንደ ወትሯችሁ ጩሁ።"

እንደዚያ ቀን መጫወት ከብዶኝ አያውቅም። ሰዓዳ ቆርኪውን ወረወረች። ተራዬ ደርሶ በአንድ እግሬ ስዘል "መስመር ረገጥሽ!" "አልረገጥኩም!" ተባባልን፤ የውሸት ጠባችንን ሳንጨርስ እንባዬ መጣ። ሴቶቹም ተመልሰው ያልቆሸሸ ልብስ ያጥቡ ጀመር። አንዷ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ወሬ ጀምራ ሳቀች፣ እየሳቀችም ፊቷን በውሃ ታጠበች። ጥቂት ቆይቶ ወፍጮው ተነሳ። እትዬ አስካለ ደጃቸው ላይ ቁጭ አሉና ወደ ሰማይ አይተው አማተቡ።

ማታ ሲነቃ ብላ ተባለ፣ በላ። እናቴ ያቀረበችለትን እየጎረሰ "ዛሬስ እንቅልፍ ምን እንደሆነ አየሁት" አለ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ጉርሻው በእጁ ነበር። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም፤ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ "እማዬ" ሲል ከመስማት የከፋ ነገር በልጅነቴ አልሰማሁም። አባቴ ንጋት ላይ አብሮት ተሳፈረ።

ተመልሶ ከመጣ በኋላ እትዬ አስካለን ሳምንታት ያህል እያኮረፈ ነው የሰነበተው። ሰላም ይላቸዋል እንጂ ቀና ብሎ አያያቸውም። አባቴ እውነቱን ነበር፣ ተቀይሟል። አንድ ጠዋት ግን ዳቦውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ደጃቸው ሄደ። "እትዬ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም" አላቸው። "ያቺ የመጨረሻዬ ነበረች። ያን ቀን እናት እንዳለው ሰው ነው የተኛሁት። እግዜር ይስጥልኝ።" እሳቸውም ዳቦውን ተቀበሉና እንደልማዳቸው "በል ሂድ፣ ጋደም በል" አሉት።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተንን፤ የቀረን የድሮ ጎረቤቶች የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸና ሳየው እትዬ አስካለ አርፈዋል ይላል። ከስሩ የተጣመሩ እጆች ምልክት ተደርድሯል። እኔ ዕቃ እያጠብኩ በርጥብ እጄ ነው የተረዳሁት፤ እንደዚያ መሆኑ አናደደኝ። ለእናቴ እትዬ አስካለ ከእህትም በላይ ነበሩ። እሷ ጉልበቷን ሲያማት አድሮ ገና ማሸለቧ ነው፤ ስልኳ ትራሷ አጠገብ አለ። ቀስ ብዬ አነሳሁና አጠፋሁት።

አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን ሳዳምጥ፣ ያኔ በግቢ ሙሉ ሰው የተያዘው ነገር በእኔ ብቻ መያዙ አስፈራኝ። ይቀስቀስ የሚል የለ፣ ይተኛ የሚል የለ። ተነሳሁና ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። ከገባን ጀምሮ ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል አልፈን አናውቅም፤ ስሟን እንኳ አላውቀውም። እናቴ የምትወዳቸው ሰው እንደሞቱና እንዳልሰማች ነገርኳት።

"ተኝተዋል?" አለችኝ።

"አሁን ነው የተኛችው።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን ከበሩ ጀርባ አነሳች። "እንግዲያው ይተኙ" አለችና ተከትላኝ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።