የዘንዶው ዱካ

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ዳንግላ ውስጥ ገና ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። አንዲት ጥቁር ብስክሌት ነበረችኝ፤ የሰንሰለቷ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬው ወደ ገበያ ሲመጣ እኔ ወደ ገጠር እወጣለሁ። የመስኖውን ቦይ ዳር ዳሩን ይዤ፣ ማን እንዳሠራው የማይታወቅ አንድ የፈረሰ ግንብ ድረስ እነዳና ጥላው ውስጥ ጋደም ብዬ ውሃው ሲወርድ አዳምጣለሁ። እንደዚያ ያለ እረፍት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ እንደተጋደምሁ አንድ ሽማግሌ ጦር እንደሰበቁ ገቡ። ክው አልሁ። አያ ወርቁ ናቸው፤ የውሃ አባት፣ ለገበሬው የመስኖ ተራ የሚያድሉት። በግንቡ ስንጥቅ አሻግሬ ሳይ መንደርተኛው ገበያውን ትቶ ዱላና ጦር ይዞ ርቆ ቆሟል።

«ዘንዶ ገብቷል ብለን ነው የመጣነው» አሉኝ ጦሩን ዝቅ አድርገው። «በየሳምንቱ ቦዩን ይዞ እየተሳበ ያልፋል። ዱካውን ያላየ የለም።»

ከዚያ ዓይናቸው ግንቡን ከተደገፈችው ብስክሌት ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው ጭቃ የያዘውን ጎማ በጣታቸው ዳሰሱ። እኔ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁኑኑ ወጥቼ ለሁሉም እነግራለሁ» ብዬ ስነሳ ክንዴን ጨብጠው አስቀመጡኝ።

«ምን ሆነሃል ልጄ! ዱካው ከታየ ወዲህ ሌሊት ተነስቶ የሰው ተራ ውሃ የሚጠልፍ ጠፍቷል። ሰዉን ይዤልህ እስክሄድ እዚሁ ቆይ።»

ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ።

«ስትመለስ ደግሞ በላይኛው ቦይ በኩል እለፍልን፤ እዚያ አሁንም ይሰርቃሉ።»