ከአዋሽ በወረቀት የመጣው ስህተት

ሰመራ በምሠራበት ቢሮ የእንስሳት ክትባት የሚመዘገብበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ሲሰናከል ስህተቱን ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ እንዲልክልኝ አድርጌዋለሁ፤ በዚህም ኮርቼ ነበር። ከአዋሽ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ባዶ ቅንፍ ነው። ውስጡ አንዲት ፊደል የለም።

የአዋሿ መዝጋቢ የወሎ ልጅ ናት። መዝገቧ ሳይደርስ ሲሰነብት አለቃችን ምክንያቱን ጠየቀኝ። ሳላቅማማ «ፕሮግራሙ ደህና ነው፤ እሷ ናት ያልቻለችበት» አልኩት። እሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረ።

ደውዬ የሚደርሰኝ ባዶ ቅንፍ ብቻ መሆኑን ነገርኳት። «ወላሂ ወንድሜ፣ እዚህ ታብሌቱ ላይ ሙሉ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው» አለች። ፎቶ አንስተሽ ላኪ እንዳልላት ታብሌቱ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ስልኳም ካሜራ የሌለው ባለ ቁልፍ ነው። «እንግዲያው ጻፊልኝ!» ብዬ በቁጣ ዘጋሁት።

በማግስቱ አንድ የሚኒባስ ሾፌር የታጠፈ ወረቀት አመጣልኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ! የስህተቱን ስም፣ መልእክቱን፣ ከስር የተደረደሩትን የፋይል ስሞችና የመስመር ቁጥሮች፣ ነጥብ እንኳ ሳታስቀር ገልብጣዋለች። ግርጌው ላይ «የትኛው እንደሚጠቅምህ ስላላወቅኩ ሁሉንም ጽፌዋለሁ» ይላል። አፈርኩ።

የመስመር ቁጥሯን ተከትዬ ስሄድ ጥፋቱ እኔው በጻፍኩት ፕሮግራም ውስጥ ተገኘ። ባዶው ቅንፍም የኔው ሥራ ነው፤ ፕሮግራሙ ስህተትን ወደ ጽሑፍ ሲለውጥ ስሙን፣ መልእክቱንና መነሻውን ለይተው ካልጠሩለት ሁሉንም ጥሎ ቅንፉን ብቻ ይልካል። እኔ አልጠራሁለትም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔን ነው።

አንድ በአንድ እየጠራሁ ጻፍኩት፤ ሰመራ ሲደርስም ጽሑፉ ተመልሶ ሙሉ ስህተት እንዲሆን አደረግኩ። ፕሮግራሙን የሚያሰናክለውን ቁልፍ እንደገና እንድትነካው ለመንኳት። መጣ! ከወረቀቷ ጋር ባስተያየው አንድም አልጎደለም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ዋናውን ጥፋት አርሜ፣ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ረቂቁን ቀደደው።

ለእሷ ስደውል ግን ወኔዬ ከዳኝ። «ተስተካክሏል እህቴ። ትንሽ ስህተት ነበረች፤ ይቅርታ።»

«ይኸው ነው?» አለች እየሳቀች። «እኔ ሁለት ገጽ ልኬልህ!»

ስለ ደብዳቤው አታውቅም። በዚያው ብተወው ማንም አይጠይቀኝም። ወረቀቷ ግን ፊቴ ተዘርግቷል።

«ላለቃችን አልቻለችበትም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ማስጠንቀቂያ ሊጻፍብሽ ነበር። የኔ ሥራ ይሳሳታል ብዬ ስላላሰብኩ፣ ሳላጣራ ነው ያልኩት።»



«አሁን ሙሉው ደረሰኝ» አለች።