ያልቀየርኩት ላስቲክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በመኪናዋ ከጉደር ወደ አምቦ ስታመጣኝ ዝናብ ያዘን። የመስታወቱን መጥረጊያ ስትከፍተው የደረቀ ላስቲክ ሲፋቅ ሰማሁና "አቁሚ!" አልኳት። ደንግጣ ዳር ያዘች። "ምን ሆንክ አባዬ?" አለችኝ። "ላስቲኩ አልቋል፤ ነገ ይቀየር" ብቻ አልኩ። ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አምቦ ውስጥ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ሹፌር ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት ከመንፈቄ ነው። አንደኛው ሹፌር ሽማግሌ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በኦሮምኛ "ኦቦ"፣ አቶ እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። ያለችን አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ናት፤ የእሷን ሕመም እንደ ልጃቸው ሕመም ያውቁታል።

ክረምትን የሚቀበሉበትን መንገድ ብታይ! ግንቦት ሲጋመስ፣ ሌላው ሰው የቤቱን ጣራ ሲያስጠግን፣ እሳቸው መኪናዋን ግቢያችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አቁመው እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። የክብሪት እንጨት ጎማው ጥርስ ውስጥ ከተው ምን ያህል እንደተበላ ይለካሉ። የባትሪውን ራስ በፍል ውሃ አጥበው ግራሶ ይቀቡታል። የፍሬኑን ዘይት ካዩ በኋላ ባዶው ግቢ ውስጥ እየነዱ ድንገት ፍሬን ይይዙና ወዴት እንደምትጎትት ያዳምጣሉ። የፊት መስታወቱን በአመድና በእርጥብ ጋዜጣ ያሹታል። የግራሶው፣ የቤንዚኑና የባሕር ዛፉ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ምሳ ሰዓት ከልብሴ አይለቅም ነበር።

"አሁን በደረቁ አንድ ሰዓት ብታጠፋ ወንጪ ጭቃ ውስጥ ግማሽ ቀን ታተርፋለህ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የቀረው የመጥረጊያው ላስቲክ ብቻ ነበር። ዕቃ እንደልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለሆነ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ ስንት መደብር ዞረው ነው ያገኙት። ዓርብ ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ ያዙኝ። "ላስቲኩ ዕቃ ቤት መደርደሪያው ላይ ነው። እኔ ነገ ለቅሶ አለብኝ፤ ጠዋት አንተ ቀይረው ኢልመ ኮ" አሉኝ። ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "እሺ ጋሼ" አልኩ። አንድ ካቻቢቴ የያዘ ሰው በሩብ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ፍል ውሃው መዋኛ ሄድኩ። አንዲት አዲስ የመጣች አስተማሪ ከጓደኞቿ ጋር እዚያ እንደምትውል ሰምቼ ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ የውሃው እንፋሎት ፀሐይ ላይ ሲጨስ ትዝ ይለኛል። አስተማሪዋ አልመጣችም። እኔም እስከ ማታ እዚያው ዋልኩ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ከወንጪ በፈረስ የመጣ መልእክተኛ፣ ሁለት ቀን ያማጠች ሴት እዚያ ያለው ክሊኒክ ውስጥ ተኝታለች አለን። የመሥሪያ ቤታችን አዋላጅ ነርስ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ ገባች። ሽማግሌው ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው "መንገዱን ልመደው" ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ዳገቱን ስንወጣ አንድ ጠብታ እንኳ አልነበረም። ሴትዮዋን ከባሏ ጋር ጭነን ቁልቁል መመለስ እንደጀመርን ግን ጉሙ ወረደ፤ ዝናቡም ከጉሙ ውስጥ እንደ ጠጠር መጣ።

በእኔ በኩል ያለው ብቸኛው መጥረጊያ ሦስት አራት ጊዜ እንደተመላለሰ ላስቲኩ ተበጥሶ ሄደ። ብረቱ መስታወቱን ይፍቀው ጀመር። ከፊቴ ነጭ ነገር እንጂ መንገድ የለም። በግራችን ገደል ነው።

"ቁም!" አሉኝ ሽማግሌው። ወርደው ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱትና ዝናቡ በፊታቸው እየወረደ ወደ እኔ መስኮት መጡ። "ቅዳሜ አልቀየርከውም እንዴ? ነግሬህ አልነበረም?"

ከኋላ አዋላጇ "ለምን ቆምን? ሴትዮዋ እኮ እየደከመች ነው!" ብላ ጮኸች። የባልየው ዓይን ማጅራቴ ላይ እንደተተከለ ይሰማኛል።

"አልነገሩኝም ጋሼ" አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ኪሱን ፈትሾ ዕቃ እንዳጣ ሰው አዩኝ።

"አልነገርኩህም?"

"አልነገሩኝም።"

"እንግዲህ የለቅሶው መርዶ አዙሮኝ ረስቼው ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመኪናዋ ፊት ቆሙ። "ነጩን ጋቢ ተከተል። ስቆም ቁም" ብለው ቁልቁለቱን በእግራቸው ያዙት። እኔ ራሴን በመስኮት አውጥቼ በአንደኛ ማርሽ ተከተልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን። ጭቃው እያንሸራተታቸው ሁለቴ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ተነሥተው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ከኋላ ሴትዮዋ ታቃስታለች፤ ባሏ "ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ" እያለ ፈጣሪውን ይጠራል። "ዋሽቻለሁ፣ ነግረውኝ ነበር" ለማለት አፌን ስንቴ እንደከፈትኩ አልነግርህም። ከአፌ ግን አልወጣም።

ጉሙ ሲያልቅ ዝናቡም ቀለል አለ። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጡ ገብተው ተቀመጡ፤ ከጋቢያቸው የሚወርደው ውሃ እግሬ ሥር ደረሰ። ወደ ኋላ ዞረው ባልየውን "ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉት።

ሴትዮዋ አምቦ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። አለቃችን በማግስቱ ስለ መዘግየቱ ሲጠይቅ ሽማግሌው "ላስቲኩን ገዝቼ ሳበቃ እንዲቀየር መናገሩን ረሳሁት" አሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር። በኋላ ዕቃ ቤት ገብቼ ላስቲኩን መደርደሪያው ላይ እንዳለ አገኘሁት። ቀየርኩት። ሩብ ሰዓትም አልፈጀብኝ።

ወሩ ሳያልቅ ቁልፉን አስረከቡኝ። ጡረታ ጠይቀው ነበር። ሁሉም ቢለምናቸው "ዛሬ መጥረጊያ ረሳሁ፤ ነገ ፍሬን ብረሳስ?" ብለው እምቢ አሉ። በቦታቸው አንደኛ ሹፌር ሆንኩ።

በየበዓሉ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ለሰው ደግ እመስል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ሚስታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። "አካም ጂርተ፣ እንደምን ነህ ልጄ? ግባ። እስቲ አንተ አጫውተው። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ራሱን አያምንም፤ ያደረገውን ሁሉ መልሶ መልሶ ይጠይቀኛል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ሽማግሌው ፊት እንደቆምኩ ተናገርኩት። ዓርብ በሩ ላይ ያሉኝን ቃል፣ "እሺ" ማለቴን፣ መዋኛውን፣ ሁሉንም።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀና ብለው አዩኝ። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

"ነግሬህ ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ነግረውኝ ነበር ጋሼ።"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን መቆለፌን እሷን ስጠይቅ የኖርኩት..." አሉና አልጨረሱትም። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ። ይቅር ብየሃለሁ አላሉኝም፤ ውጣም አላሉኝም። እንደ ወጉ ተነሥተው እስከ ግቢው በር ሸኙኝ።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። የመቀርቀሪያውን ብረት አንዴ ሲገፉት ሰማሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እርምጃቸው ቀስ እያለ ወደ ቤት ሄደ፤ ሊያረጋግጡ አልተመለሱም።