የጋሼ ቁጥር መለሰ

ሁላችንም «ኬብል» ነው የምንላት፤ ቀጭን ናት፣ ደግሞ ከጠረጴዛ ስር ካልተፈለገች አትገኝም። የሆስፒታሉን ኔትወርክ ብቻዋን ይዛለች። ሥራውን ያስተማሯት ጋሼ፣ የቀድሞው ቴክኒሻን፣ ከሞቱ ሁለት ዓመት አለፈ። የሞቱት ተኮራርፈው ሳለ ነው። እሷ በንዴት ከሥራ ቀረች፤ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆመ። «አዝነውብኝ ነው የሄዱት» እያለች ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም የላትም።

ባለፈው ሰኞ ለእኛ ላብራቶሪ አዲስ ኮምፒውተር አስገባችልን፤ ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም ተጭኖበታል። እዚህ ቤት የእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም የሚጻፈው ጋሼ በጀመሩት ደብተር ላይ ነው። ሰው ሲለቅ ስሙ ይሰረዝና ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል። ለእኛ የጋሼ ደረሰን።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። የምርመራው ውጤት አንዴ ለሐኪሞቹ ይደርሳል፣ አንዴ መንገድ ላይ ይቀራል። በሽተኛው ደጁን ሞልቶ እኔ ላይ ያፈጣል፤ እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ እሷ ላይ ጮህኩባት። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። የሶኬቱ መብራት አረንጓዴ ነው፤ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው። በመጨረሻ የእኛን ኮምፒውተር ነቀለችና ከሌላ ኮምፒውተር ቁጥሩን ጠራችው። ማንም ሊመልስ አይገባም ነበር። መለሰ።

የማን ቁጥር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጸጉሬ ቆመ። እሷ ግን ከኔትወርኩ ማከፋፈያ የሚወጣ አንድ አሮጌ ገመድ በኮርኒሱ ስር እየተከተለች ዕቃ ቤት ገባች። ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ የጠጣ፣ ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ያጉረመርማል። የጋሼ ስም ሲሰረዝ ማሽናቸው የት ገባ ያለ ሰው የለም። ሳይጠፋ ኖሮ ከእኛው ኮምፒውተር ጋር አንድ ቁጥር ሲሻማ ነው ለካ ውጤቱ መንገድ ላይ የሚቀረው።

ስክሪን አምጥታ ሰካችበት። ጋሼ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈው ኖሯል፤ በየሩብ ሰዓቱ የእሷን ኮምፒውተር ይጠራና ከመለሰ «ልጄ ገባች»፣ ካልመለሰ «ልጄ አልገባችም» ብሎ ይመዘግባል። የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው እሷ በቀረችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከቀብር ስትመለስ ደግሞ እዚያ ክፍል መቀመጥ አቅቷት ቢሮም ኮምፒውተርም ቁጥርም ቀይራለች። እሷ በየቀኑ እየመጣች ማሽኑ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ አልገባችም» ሲል ከርሟል።

«እትዬ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ይታገሱኝ» አለችኝ። ውጤቱን በወረቀት አድርሱ ብዬ ሰው ላክሁ። ቢሮዋ ሮጣ ለኮምፒውተሯ ያንን ለማንም ያልተሰጠውን የድሮ ቁጥሯን ሰጥታ ተመለሰች። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ መስመር ጨመረ፦ ልጄ ገባች።

ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ብሎ አያውቅም። «ገብቻለሁ ጋሼ» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማሽኑ መጥፋት ነበረበት፤ እጇ እምቢ አላት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።