ዑምኩልሱምና የጠፋው ፍርድ

የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የሕግ ምሩቃኑን በመጽሐፍ ሊያወጣ ነው ተብሎ ለዑምኩልሱም ቅጽ ሲላክላት፣ «ያከናወኑት ታላቅ ሥራ» የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አድርጋ መለሰችው። አብረዋት የተመረቁት ዳኛ ሆነዋል፣ የሚኒስትር አማካሪ ሆነዋል፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። እሷ ሐይቅ ከተማ፣ ከባጃጅ ጋራዥ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጥብቅና ትሠራለች። ያቺ ሰረዝ ትሕትና እንዳትመስላችሁ፤ ስንፍና ናት።

ድሮ ዐቃቤ ሕግ ነበረች። ለውጡ የመጣ ዓመት አገሩ ሁሉ ስብሰባ በስብሰባ ሲሆን፣ በሦስተኛው የሥልጠና ሳምንት «እኔ ወንበር ሳሞቅ አልኖርም» ብላ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ የአርዲቦ ዙሪያ ገበሬ ሙግት ሲገጥመው የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

ከነዚያ አንዷ መስታወት ናት። ባሏ የሻው ሲሞት ወንድሙ ከበደ ብድግ ብሎ፣ «ይቺ የወንድሜ ሠራተኛ እንጂ ሚስቱ አይደለችም፤ መሬቱ ለእኔ ይገባል» ሲል ከሰሳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው የኖረችን፣ ያስታመመችን፣ የቀበረችን ሴት! ዑምኩልሱም ያጋቧቸውን ሽማግሌዎች ከያሉበት ለቃቅማ አስመሰከረች፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ለመስታወት ተፈረደ።

ወሩ ሳያልቅ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰና ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ። ሰው ከስደት ሲመለስ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ገጽ አልተረፈም። የዑምኩልሱም ቢሮ በሩ ሳይቀር ተወስዷል። የመስታወት የፍርድ ግልባጭ ከነቤቷ ተቃጥሏል። ከበደ በሬዎቹን ጠምዶ መሬቱ ላይ ገባ፤ ፍርዱን ሲያነሱበትም ደረቱን ነፋ።

«የምን ፍርድ? አለ የሚል ካለ ያሳየኝ!»

መስታወት ቢሮው ድረስ መጥታ አለቀሰች። «መሬቱስ ይቅር፤ የባሌ ሠራተኛ ተብዬ ልሙት?»

«አብሽሪ፣ እትዬ» አለች ዑምኩልሱም። አፏ አብሽሪ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በስደት ሞተዋል፤ ክርክሩ እንደ አዲስ ቢጀመር ማን ይመሰክራል?

ተንኮሉ የመጣላት ያኔ ነው። ከበደን ታውቀዋለች። ሰውየው ፍርድ ቤት ካልዋለ ምግብ አይስማማውም። በዶሮ ተካሷል፣ በአጥር ተካሷል፤ ተረትቶ ይግባኝ ያላለበት ጉዳይ የለም። በዚህኛውም ፍርዱ በተነበበ ማግስት ይግባኝ ሊል ባለ ማኅተም ግልባጭ አስወጥቶ ነበር፤ ያስቆመው ጦርነቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ወረቀት አይጥልም።

ሐቢብ የሚባል የባጃጅ ሾፌር አለ፤ ሚስጥር የነገሩት ዕለት ሳይተነፍሰው አይተኛም። ዑምኩልሱም ተሳፈረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በጦርነቱ ምክንያት የይግባኝ ጊዜ ያለፈበት ሰው፣ ፍርዱን አያይዞ ደሴ ቢያመለክት ሊፈቀድለት ይችላል። ሕግ ነው። ግን አደራህን ሐቢብ፣ ከበደ እንዳይሰማ።»

«ወላሂ ትንፍሽ አልልም!»

ከበደ የዚያኑ ዕለት አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሰማ።

ወር ሳይቆይ ለመስታወት ከደሴ መጥሪያ መጣላት። ከይግባኙ ጋር ያ «የለም» የተባለው ፍርድ ተያይዟል፤ አምስት ገጽ፣ በየገጹ ማኅተም። ዑምኩልሱም በር በሌለው ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን እስክስታ ወረደች፤ ጋራዡም ሥራ ፈቶ አያት።

በቀጠሮው ዕለት ከበደ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ፍርድ ስሕተት አለበት!» ብሎ ገጽ በገጽ እየጠቀሰ ተከራከረ። ዳኞቹ እስኪበቃው አዳመጡትና ፍርዱን አጸኑት።

ወደ ሐይቅ የሚመለስ ሚኒባስ ያን ሰዓት አንድ ብቻ ነበር። ከበደ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ መስታወትና ዑምኩልሱም ከፊቱ ሆኑ። መስታወት ማንበብ አትችልም።

«እስቲ ስለ እኔ የሚለውን አንብቢልኝ፣ እታለም።»

ዑምኩልሱም ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ተከሳሽ ወይዘሮ መስታወት የሟች የአቶ የሻው ሕጋዊ ሚስት መሆናቸው ተረጋግጧል።›»

ሾፌሩ ዘፈኑን ቀነሰ። አንዲት ተሳፋሪ እልል አለች።

«ድገሚው፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች መስታወት።

ደገመችው።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ከበደ ጮኸ። ገና ቦሩ ሜዳ ናቸው፤ ሐይቅ ሩቅ ነው። ረዳቱ ግን በሩን ከፈተለት።

መስታወት ዞራ እንኳ አላየችውም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ዑምኩልሱም ጠጋ አለች።

«አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ለእኔ ብቻ።»